የሠላሳ አራቱ እንጥሎች ነገር

ብርቅዬ ቢሻው በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከሁለት መቶ በላይ እናቶችን ከፊቷ አስቀምጣ ያንኑ ጥያቄ ደጋግማ ጠይቃለች። የልጁ ጆሮ ይመግላል ወይ? ሲተኛ ያንኮራፋል ወይ? ጉሮሮውን በዓመት ስንት ጊዜ ያመዋል? እንጥሉ ተቆርጧል ወይ? ከተቆረጠስ የቆረጠው ማን ነው? ሌሎቹ ጥያቄዎች ምንም አላደረጓትም። ጣጣውን ሁሉ ያመጣባት ይህ የመጨረሻው ነው።

ጥያቄዎቹን ያዘጋጀው ዶክተር ሔኖክ ይባላል። ከአንገት በላይ ሐኪም ሆኖ ለመመረቅ አንድ ዓመት የቀረው፣ ቀጭንና ረጅም፣ መነጽሩ ሁልጊዜ ወደ አፍንጫው ጫፍ የሚንሸራተት የአዲስ አበባ ልጅ ነው። መመረቂያ ጥናቱን በከፋ ልጆች ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ሊሠራ ቦንጋ ሲገባ ሁለት ነርሶች ተመደቡለት። አንዷ ብርቅዬ ናት። የተወለደችው ከማንኪራ አለፍ ብላ ጫካው መሀል በምትገኝ ትንሽ መንደር ነው፤ አፏን የፈታችው በከፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው። ሌላዋ ረውዳ፣ የቦንጋ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ሥራዋም ምላሷም ፈጣን ነው።

ሔኖክ መጠየቅ አይሰለቸውም። ሐኪም ስለ ጉሮሮ ቢጠይቅ ወግ ነው፤ እሱ ግን ያየውን ሁሉ ይጠይቃል። ያ ቀፎ ለምን ያን ያህል ከፍ ብሎ ተሰቀለ? ማን ነው የሚወጣው? ሲወጣ በምን ራሱን ያስራል? የእገሌ ቀፎ መሆኑስ በምን ይታወቃል? መልሱን በትንሽ ደብተር ይጽፋል። ጭቃው ጫማውን ይዞ ሲያስቀርበት እንኳ በአንድ እግሩ ቆሞ የሚጽፍ ሰው ነው።

አንድ ቀን የአንዲትን ወፍ ስም በካፊኖኖ ምን እንደሚሏት ጠየቃት። ብርቅዬ አታውቀውም። አላውቅም ማለት አሳፈራትና ከራሷ ፈጥራ ነገረችው። እሱም ጻፈው፤ ቀኑን ሙሉም ያንን ቃል ሲለማመድ ዋለ። በማግስቱ ኅሊናዋ አላስቀምጥ ብሏት እውነቱን ነገረችው። ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ መንገድ ላይ ቆሞ ሳቀ። ቃሉን አልሰረዘውም፤ አጠገቡ «የብርቅዬ ወፍ» ብሎ ጨመረበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ማለቱን ትቶ «አንቺ» አላት። እሷ «እርስዎን» አልተወችም። ልቧን ግን የሰጠችው በዚያች ወፍ ሰበብ ነው፤ ይህንን ረውዳ ሳይነገራት አውቃዋለች።

የሥራው ደንብ እንዲህ ነበር። ሁለቱ ነርሶች ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጠው እናቶችን ይጠይቃሉ፤ መልሱን ፎርም ላይ ይሞላሉ። ልጁ ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ይዞ ሔኖክ ወዳለበት ክፍል ይገባል። ሔኖክ ጆሮውን፣ አፍንጫውንና ጉሮሮውን አይቶ ያየውን በሌላ ወረቀት ይጽፋል። እናትየው ምን እንዳለች አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይፈልግም። የሰው ዓይን የሰማውን ማየት ይወዳል ይላል። ሁለቱ ወረቀቶች የሚገናኙት ቦንጋ ከተመለሱ በኋላ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

ረውዳ ይህን በሰማች ጊዜ ብርቅዬን በክርኗ ጎሸም አደረገቻትና ወረቀቶቹስ ኮምፒውተር አላቸው፣ እናንተን ማን ያገናኛችሁ ይሆን አለቻት።

አንድ ጠዋት ብርቅዬ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቶ መጣች። እናቶቹ እስኪሰበሰቡ ሔኖክ ወንበር ላይ አስቀመጣትና የግንባሩን ባትሪ አበራ። አፏን ስትከፍት ዓይኗን የት እንደምታደርግ ጠፋት። ጣሪያውን አየች፣ ጆሮውን አየች፣ መጨረሻ ላይ ጨፈነች። እሱ ብዙ ቆየ። ጉንፋን ለማየት ያን ያህል እንደማያስፈልግ ነርስ ናትና ታውቃለች።

«አንቺም ተቆርጠሻል» አላት ቀስ ብሎ።

«ሕፃን ሳለሁ።»

«ጠልቆ ነው የተቆረጠው። ጠባሳው እስከ ጎን ሄዷል። ያኔ ብዙ ደም ሳይፈስሽ አልቀረም።» ባትሪውን አጠፋ፤ ከአጠገቧ ግን አልራቀም። «ማን ነው የቆረጠሽ?»

«አላውቅም» አለች ብርቅዬ።

ታውቃለች። አገሩ ሁሉ ያውቃል። በመንደሯና በዙሪያው ልጅ ሲያተኩሰው፣ ጡት እምቢ ሲል፣ ሲያስለው እንጥሉ ወርዷል ይባልና ወደ እትዬ ላቀች ይወሰዳል። እትዬ ላቀች የብርቅዬ እናት ናት።

ብርቅዬ ነርስ ሆና ከተመረቀች ጀምሮ ይህ ነገር በልቧ እንደ እሾህ ተሰክቶ ኖሯል። ራሷ ጤና ጣቢያ ለጤና ጣቢያ እየዞረች እንጥል አታስቆርጡ ብላ ታስተምራለች፤ ምላጩ ደም ያፈሳል፣ መርዝ ያስገባል ትላለች። ስትናገር የሚያውቋት ሴቶች ፈገግ ይላሉ። ከእናቷ ጋር አንድ ሁለቴ ተነጋግራበት ነበር፤ እትዬ ላቀች ግን ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በዚያ ላይ ወቅቱ ጎጂ ልማድን እንዋጋ የሚል ስብሰባ የበዛበት ነው። ራቅ ካለ ቀበሌ አንዲት አሮጊት እንጥል ቆርጣለች ተብላ ሦስት ቀን ፖሊስ ጣቢያ ታስራ ወጥታለች። ብርቅዬ የአሮጊቷን ወሬ በሰማች ጊዜ የእናቷን ፊት ነው ያየችው።

ታዲያ ጥናቱ ወደ መንደሯ ሲደርስ የምትገባበት ጠፋት። ተራው የእሷ ነበርና ረውዳ ሌላ ቀበሌ ተላከች። ብርቅዬ ትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጣ እናቶችን መጠየቅ ጀመረች። የመጀመሪያዋ ዘነበች ናት፤ አምስት ልጆች ያሏት፣ ነገር በግልጽ የምትናገር ጎረቤታቸው።

እንጥሉ ተቆርጧል ወይ ስትላት፣ ተቆርጧል አለች ዘነበች። ማን ቆረጠው ስትላት ግን ትኩር ብላ አይታት ሳቀች። «እናትሽ ናታ። አብረን አይደል የኖርነው፣ ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለቻት።

ፎርሙ ላይ ስም መጻፊያ ቦታ አለ። መልስ ከሌለ ደግሞ ዘጠና ዘጠኝ የሚል ቁጥር ይሞላል፤ አይታወቅም ማለት ነው። ብርቅዬ ብዕሯን ይዛ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ዘጠና ዘጠኝ ብላ ጻፈች። አሥረኛው ላይ ስትደርስ እጇ ራሱ ይጽፍ ጀመር። ቀኑ ሲያልቅ እንጥሉ ተቆርጧል የተባለ ልጅ ሠላሳ አራት ሆነ፤ ሠላሳ አራት ዘጠና ዘጠኝ።

ዕለቱን ሳይመሽ ሔኖክ የእነብርቅዬን ቤት ማየት ፈለገ። እትዬ ላቀች የጫካ ማርና የተጠበሰ በቆሎ አቀረበችለት። እሱም እንደ ልማዱ ስለ ማሩ ይጠይቅ ገባ፤ የምን አበባ ነው፣ በየትኛው ወር ይቆረጣል፣ ይኸኛው ለምን ነጣ? ብርቅዬ እየተረጎመች ደከማት። እናቷ በመጨረሻ ይህ ልጅ ምግቡ ጥያቄ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ ብርቅዬ ይህንን አልተረጎመችም። እናቷ ግን እንግዳውን ወደደችው፤ ሲወጣ በረጅሙ አየችው፣ ከእሱ ቀጥላም ልጇን አየች።

ወደ ቦንጋ ተመልሰው ሳምንት እንኳ አልሞላም። ሆስፒታሉ ውስጥ ኮምፒውተር ባለባት ጠባብ ክፍል ረውዳ ቁጥር እያነበበች ሔኖክ ያስገባል። የሌሎቹ ቀበሌዎች ወረቀቶች እርስ በርስ ተስማሙ፤ እናትየው ተቆርጧል ያለችው ልጅ፣ በሔኖክም ወረቀት እንጥል የለውም። ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ልዩነት ተገኘ፤ ያ ያለ ነው። የብርቅዬ መንደር ሲደርሱ ግን ሔኖክ እጁን ከኮምፒውተሩ አነሳ። ሠላሳ አራቱም ልጆች በእናቶቻቸው አፍ ተቆርጠዋል። በሔኖክ ዓይን ደግሞ ሠላሳ አራቱም እንጥላቸው በቦታው ተንጠልጥሎ አለ፤ ጠባሳ እንኳ የላቸውም።

ረውዳን ውጪ ሳይላት፣ እሷ ራሷ ነገሩ ገብቷት ወጣች። ብርቅዬንም ጠራቻት።

«የጻፍኩትን ራሴ አይቻለሁ» አለ ሔኖክ። ሁለቱን ክምር ጎን ለጎን አስቀምጦላታል። «የአንቺ ፎርም ግን ሌላ ነው የሚለው። የቆራጩ ስም ደግሞ አንድም ቦታ የለም። ሠላሳ አራቱም ዘጠና ዘጠኝ። ብርቅዬ፣ እናቶቹን ጠይቀሻቸዋል?»

«ጠይቄያለሁ።»

«ደክሞሽ ከሆነ፣ ዝናብ ይዞሽ ከሆነ፣ ዝም ብለሽ ሞልተሽው ከሆነ ንገሪኝ። ሰው ነን። እንሰርዘዋለን፣ አብረን ተመልሰን እንሠራዋለን።»

«ጠይቄያለሁ አልኩ።»

«እሺ፣ ታዲያ የተቆረጠ እንጥል መልሶ በቀለ?»

እንጥል እንደማይበቅል የብርቅዬ ጉሮሮ ምስክር ነው። መጠየቋንም ታውቃለች፤ ዘነበች ስትስቅ እንኳ አሁንም ይሰማታል። ዘጠና ዘጠኙን ለምን እንደጻፈች ብትናገር እናቷን አሳልፋ ትሰጣለች። ብትናገርም ደግሞ እንጥሎቹ ለምን በቦታቸው እንዳሉ አያስረዳም። ጥፋተኛ እንደሚያስመስላት እያወቀች ሁለቱን ክምር መልሳ ወደ እሱ ገፋች።

ሔኖክ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። አማካሪው አዲስ አበባ ሆኖ እስከ ዓርብ ወረቀቱን እየጠበቀው ነው። ሠላሳ አራቱ ከጥናቱ መውጣት አለባቸው፤ ሲወጡ ደግሞ ለምን እንደወጡ በደብዳቤ መጻፍ አለበት። የሞላችው ነርስ ስምም ይጻፋል። ከዚያ በኋላ እሷን ለጥናት የሚፈልግ የለም። ይህን ሁሉ ሲነግራት ድምፁ ከሷ ይልቅ የተጎዳ ይመስል ነበር።

«አታምነኝም ማለት ነው» አለች ብርቅዬ።

አንተ ብላ ጠርታው አታውቅም። ንዴት ነው ያስወጣው። ሁለቱም ሰሙት፤ ሁለቱም ግን በዚያ ሰዓት ሊደሰቱበት አልቻሉም።

ሐሙስ ጠዋት ፈቃድ ጠይቃ ወደ መንደሯ ሄደች። መኪናው ካወረዳት በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው። ስትነሳ በልቧ ብሶት ብቻ ነበር፤ ጫካው መሀል ስትደርስ ግን ሌላ ነገር ብሶቱን ገፋው። ሔኖክ አልዋሸም። እናቶቹም አልዋሹም። እሷም ስሙን ብትደብቅም የቀረውን በትክክል ጽፋለች። ታዲያ እናቷ እነዚያን ልጆች ምን አደረገቻቸው? ይህ ጥያቄ እርምጃዋን ሲያፈጥነው ተሰማት። ከሔኖክ የተጋባባት ጠባይ ሳይሆን አይቀርም።

እትዬ ላቀች ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ደረቅ ቡና በሰፌድ እያበጠረች ነበር።

«እማዬ፣ እንጥላቸውን የቆረጥሻቸው ልጆች እንጥላቸው አለ» አለች ብርቅዬ፤ ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳታቀርብ።

ሰፌዱ ቆመ። «ማን አየ?»

«ሐኪሙ። የሠላሳ አራት ልጆች።»

«ሠላሳ አራት ብቻ?» አለች እትዬ ላቀች። ከዚያ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠችና ልጇን አጠገቧ አስቀመጠቻት። «የመጨረሻዋ አንቺ ነሽ። ከአንቺ በኋላ ማንንም አልቆረጥኩም።»

ብርቅዬ የስምንት ወር ሕፃን ሳለች ሦስት ቀን አተኮሳት። እናቷ ለሰው ልጅ የምታደርገውን ለልጇ ላታደርግ ነው ወይ ብላ ቆረጠቻት። ደሙ ግን አልቆም አለ። አባቷ ቢሻው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አዝሏት በጫካው ውስጥ ወደ ቦንጋ ሮጠ፤ እናቷ ከኋላ እየተከተለች የልጇን አፍ በነጠላዋ ትጠርግ ነበር። ነጠላው ነጭ ቦታ አልቀረውም። ሐኪሞች አተረፏት። እትዬ ላቀች ከዚያ በኋላ ምላጭ በሰው አፍ ውስጥ አላስገባችም።

ምላጩን ግን አልጣለችውም። ልጅ ሲያመጡላት ምላጩን በአንድ እጇ ትይዛለች፤ ሁሉም ያየዋል። የሌላውን እጇን ጣት በታጠበ ጨርቅ ጠቅልላ ማርና ዝንጅብል ታስነካና ጉሮሮውን ጫን ታደርገዋለች። ልጁ ይጮኻል፣ ያስመልሰዋል። ወዲያው የተቆረጠው እንጥል ያለበት አስመስላ የእንሰት ቅጠል አጥፋ ከጓሮ ትቀብራለች፤ ቅጠሉን የከፈተች እናት ልጇ ያገረሽበታል ትላለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ ቅጠል ስትቀብር ኖራለች።

«አቆምኩ ብል ኖሮ ሌላ ቆራጭ ጋ ይወስዷቸው ነበር» አለች። «ሌላው ደግሞ ይቆርጣል።»

ብርቅዬ እናቷን አየቻት። ስታፍርባት የኖረችው እናቷ ሃያ ሁለት ዓመት የሰውን ልጅ ከምላጭ ስትጠብቅ ኖራለች። እጇን ይዛ ሳመችው። ነርስነቷ ግን ዝም አላለም።

«አምና ታመሽ በተኛሽ ጊዜ የጎረቤታችን የውባየሁን ልጅ የት ወሰዷት?»

እትዬ ላቀች ሰፌዱን መልሳ አነሳች። ልጅቷ ሌላ ቆራጭ ጋ ተወስዳ ሳምንት ሙሉ ስትደማ ቆይታ በስንት መከራ ነው የተረፈችው፤ ለጥናቱም ሳትመጣ ቀርታለች።

«እንጥል ይቆረጣል ብለው የሚያምኑት ካንቺ አይተው ነው፣ እማዬ። አንቺ አለመቁረጥሽን ካላወቁ፣ አንቺ የሌለሽ ቀን ሌላ ጋ ይሄዳሉ።»

የእናትየው ፍርሃት የፖሊስ ጣቢያ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቶቿ ሃያ ሁለት ዓመት አታለልሽን ቢሏት ከማን ጋር ልትኖር ነው? ከዚያ ግን ጥያቄዋን ወደ ልጇ አዞረች፤ ይህን ሁሉ መንገድ ያስመጣሽ ምንድን ነው አለቻት። ብርቅዬ ስለ ፎርሙ፣ ስለ ዘጠና ዘጠኙ፣ ስለ ደብዳቤው ነገረቻት። ስለ ሔኖክ ከደብዳቤው ሌላ ምንም አላለችም። ስሙን ስትጠራ ግን እንባዋ ቀደማት።

በማግስቱ ዓርብ ነው። ብርቅዬ ስትነሳ እናቷ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ደጅ ቆማ ጠበቀቻት።

ሔኖክ በዚያች ጠባብ ክፍል ደብዳቤውን ይዞ ተቀምጦ ነበር። እትዬ ላቀች ገብታ ከፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የምትናገረው ብዙ ነው፤ ብርቅዬ ቆማ አንድ በአንድ ተረጎመችው። ስለ ምላጩ፣ ስለ ማሩ፣ ስለ ባዶው ቅጠል። የራሷን ደም፣ የአባቷን ሩጫም ተረጎመች። በመጨረሻ ዘጠና ዘጠኙ እኔ ነኝ፣ ልጄ እኔን ስትሸሽግ ነው የዋሸችህ አለችው።

ሔኖክ እስከዚያ አንድም ነገር አልጻፈም። አሁን ግን ጥያቄው ፈነዳ። ስንት ልጆች ይሆናሉ? ከነዚያ ውስጥ የባሰበት ነበር ወይ? የባሰበት ሲመጣ ምን ያደርጋሉ? እትዬ ላቀች የባሰበትን ልጅ እናት ተቆጥቼ ጤና ጣቢያ እሰዳታለሁ፣ እንጥሉን ጨርሻለሁ የቀረው የሐኪም ነው እላታለሁ አለች። ሔኖክ ከወንበሩ ተነሳና በሁለት እጁ እጇን ይዞ ጎንበስ አለ።

ከዚያ ወደ ብርቅዬ ዞረ። «አላመንኩሽም» አለ።

«አላመንከኝም።»

«ይህንን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ስምሽ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ ይለኛል። ግን አላመንኩሽም፤ ያ ጥፋቴ ነው።»

እትዬ ላቀች ምን እንዳለ ጠየቀች። ብርቅዬ ተረጎመችላት። እናትየው ራሷን ነቀነቀችና አንድ ነገር ተናገረች፤ ብርቅዬ ግን አልተረጎመችውም።

«ምን አሉ?»

«ምንም።»

«ብዙ ነው የተናገሩት።»

እናቷ ተርጉሚ በሚል ዓይን አፈጠጠችባት። ብርቅዬ ግድግዳው ላይ ያለውን የክትባት ማስታወቂያ እያየች «ልጄ ትናንት አልቅሳለች፣ ያለቀሰችው ግን ለእኔ አይደለም ትላለች» አለች።

ሔኖክ የመነጽሩን መንሸራተት እንኳ ረሳው። የእትዬ ላቀችን ስም የትም እንደማይጽፍ፣ ያ የሙያው ሕግ እንደሆነ መናገር ጀመረ፤ ሌላ ሊል የፈለገው ግን ፊቱ ላይ ነበር። እትዬ ላቀች አቋረጠችው። ስሜን እኔ ራሴ ነው የምናገረው፣ መጀመሪያ ለእነዚያ ሠላሳ አራት እናቶች፤ እሑድ ና፣ ያንን ባትሪህን ያዝ፣ እነሱ ካልገደሉኝ የቀረውን እንነጋገራለን አለችው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቶቹ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰቡ። እትዬ ላቀች መሀላቸው ቆመች። አላስተባበለችም፣ አላስረዘመችም። ምላጩን ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ መሬት ላይ አስቀመጠችና ከሃያ ሁለት ዓመት ወዲህ የማንንም ልጅ እንጥል አልቆረጥኩም አለች። የቀበርኩት ቅጠል ባዶ ነው፣ ልጆቻችሁ የዳኑት በራሳቸው ነው አለች።

አንዲት ሴት ተነስታ ትታ ሄደች። ሌላዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሔኖክ የሚባለው ባይገባውም የሴቶቹን ፊት አይቶ ወደ ብርቅዬ ጠጋ አለ።

በመጨረሻ የተነሳችው ዘነበች ናት። ፊቷ አላማረም። ትንሹን ልጇን በክንዱ እየጎተተች በቀጥታ ወደ ሔኖክ መጣች። «አሳየኝ» አለችው በአማርኛ።

ሔኖክ የግንባሩን ባትሪ አውልቆ ለእሷ አሰረላት። ልጁ አፉን ከፈተ። ዘነበች ጎንበስ ብላ አየች፤ አልታያትም፤ ሔኖክ ምላሱን በእንጨት ጫን አደረገላት። አየችው። ከዚያ ያች ትንሽ ሥጋ ልጁ በተነፈሰ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ስትወዛወዝ ስታይ ቆየች።

«አለ» አለች። ወደ እትዬ ላቀች ዞራ «አለ፣ አንቺ ሴትዮ» አለችና በሳቅ ፈነዳች። ሳቋ እንባም ነበረው።

ከዚያ በኋላ ሰልፍ ሆነ። እናቶች የልጆቻቸውን አፍ ማየት ፈለጉ፤ ቀጥሎ የባሎቻቸውን፤ ቀጥሎ እርስ በርስ። አንዷ የተቆረጠ ጉሮሮ ምን እንደሚመስል ማየት አለብን አለችና ሁሉም ወደ ብርቅዬ ዞሩ። ብርቅዬ አፏን ከፈተችላቸው፤ አንድ በአንድ አዩ፤ ሲያዩ ሳቃቸው እየጠፋ ሄደ። ውባየሁ ካየች በኋላ ልጇን አቅፋ ብዙ ቆየች። ትታ የሄደችውም ሴት ተመልሳ ከሰልፉ መጨረሻ ተገኘች። ይህ ነገር አፍ ውስጥ ምን ይሠራል ብለው ሔኖክን ጠየቁት፤ እሱም ትንሽ እንደሚያውቅ፣ ብዙው ግን ለሐኪሞችም ገና ግልጽ እንዳልሆነ ነገራቸው። አላውቅም የሚል ሐኪም አይተው ስለማያውቁ ወደዱት።

ሰው ሲበተን ሔኖክ ከእትዬ ላቀች ፊት ቆመ። ብርቅዬ መሀላቸው ነበረች።

«ፎርሞቹ አልቀዋል በያቸው» አላት። «ሠላሳ አራቱም ከጥናቱ አይወጡም። ተቆርጠዋል ተብለው የሚታመኑ፣ ግን ያልተቆረጡ የሚል ቦታ ከፍቼላቸዋለሁ። ከእንግዲህ እዚህ የሚያመጣኝ ሥራ የለኝም በያቸው። ግን መምጣት እፈልጋለሁ። ልጃቸውን እወዳታለሁ።»

ብርቅዬ ተረጎመች። የመጨረሻውን ስትናገር ድምፅዋ ለራሷ እንኳ አልተሰማትም፤ እናቷ ግን ሰማች።

«ሽማግሌ ይልካል፤ ያ ወግ ነው፣ አይቀርም» አለች እትዬ ላቀች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሔኖክ ጥያቄውን አልተረዳውም፤ ሁለቱንም በተራ እያየ ጠበቀ። ብርቅዬ እሺታዋን በካፊኖኖ ለእናቷ ተናገረች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረችና ያንኑ በአማርኛ ደገመችለት፤ አስተርጓሚ ናትና አንዱን ሰው መልስ አልባ መተው አልሆነላትም።